ቱቦው ውስጥ የቀረው ልባስ

ሽጉጡ ዕቃ በሚታሰርበት ሞርሳ አጠገብ በተነጠፈው ጨርቅ ላይ ሲቀመጥ ሁኔታው ይህን ይመስል ነበር። ከበሮው፣ ማለትም ስድስቱን ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል፣ ወደ ግራ ተከፍቷል፤ ስድስቱም ጎሬ ባዶ ነው። ምላጩም መምቻውም ያለ ችግር ይሠራሉ። ቱቦው ከውጭ ሲታይ አልተሰነጠቀም፣ አላበጠም። ርዝመቱ መቶ ሚሊ ሜትር ነው። የጽዳት ዘንግ ከአፈሙዙ ሲገባ አምሳ አራት ሚሊ ሜትር ሄዶ ይቆማል፤ ከኋላ ሲገባ ሠላሳ አራት ላይ ይቆማል። መሀል ያለው አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር በሌላ ነገር ተይዟል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ቱቦው ወደ መስኮቱ ሲዞር ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፣ ሽንብራ አያክልም፤ ግን ብርሃን ነው።

«እኔ ራሴ አይቻለሁ እኮ» አለ ሽጉጡን ያመጣው ሰው። የአንድ ጥበቃ ድርጅት የተኩስ አሰልጣኝ ነው። አንገቱ ላይ ከምትንጠለጠለው ነገር የተነሳ ሰልጣኞቹ ፊሽካ ይሉታል፤ የሚሉትንም ያውቃል። «ስድስተኛዋ ስትተኮስ ድምፅዋ ፈዘዘብኝ። ወረቀቱን አየሁ፣ ተበስቷል። ቱቦውን አየሁ፣ ብርሃን አለ። ታዲያ ምን ልበል? ደህና ነው አልኩ። ሰልጣኟ ደግማ ልታጎርስ ስትል ግን ቆይ መጀመሪያ ይጸዳ ብዬ ነጠቅኳት። ለምን እንዳልኩ እኔንጃ። ዘንጉ መንገድ ላይ ቀጥ ሲል ጠቅልዬ አመጣሁት።»

«ብትተኩስ ኖሮስ?» የሚል የሴት ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ።

«እሱን ተይው እናቴ» አለ አሰልጣኙ።

«ልተወው? ጆሮዬ እንጂ ሌላው አካሌ መች ሥራ አለው!»

መጋረጃው የሱቁን ረጅም ክፍል ለሁለት ይከፍለዋል። ከፊት ለፊት ሞርሳው፣ የብረት መቅረጫው ቶርኖና የጥይት መሙያው ጠረጴዛ አሉ። ከኋላ የሱቁ ባለቤት የሆነው የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ሚስት አልጋ አለ። ሳንባዋ ከታመመ ወዲህ ወደ ፎቁ የሚወስደው ደረጃ ስላቃታት እዚሁ አወረዷት። ማራገቢያው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ገመዱ የሚደርሰው እዚያ ድረስ ብቻ ነው። አንገቱ ተሰብሮ ወዲህ ወዲያ ማለት ስላቆመ ቀኑን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ፣ ጠረጴዛውን አቋርጦ፣ ወደ አልጋዋ ይነፋል።

ጠጋኙ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። አሰልጣኙ ሲያወራ ቀና አላለም። ሲጨርስ ግን «ፊሽካ ደግሞ ቱቦ ማየት የጀመረው መቼ ነው?» አለ። «አሮጌ ቱቦ ነው። ከውስጥ ተበልቷል። የተበላ ቱቦ ደግሞ የገባበትን አይለቅም። በቃ ይኸው ነው።»

«እርስዎ እንዳሉ ይሁን አባቴ» አለና አሰልጣኙ ለጠጋኙ ልጅ በዐይኑ ምልክት ሰጣት።

ልጅ ይሏታል እንጂ ጎልማሳ ሴት ናት። ሞርሳውና ቶርኖው ወደሷ ካለፉ ቆይተዋል፤ ያልተላለፈው ጥይት መሙላቱ ብቻ ነው። የተተኮሱ ቀልሃዎችን አጽድቶ፣ ባሩድ መዝኖ፣ እርሳሱን የመዳብ ልባስ አልብሶ እንደገና ለልምምድ ማዘጋጀት የአባቷ ሥራ ነው። እሱም ከተወሰደበት ጠረጴዛው ጋ የሚያስቀምጠው ምክንያት አይኖርም።

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አሰልጣኙ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ እህቴ። አባትሽን እንዴት እንደማየው ታውቂያለሽ። ቱቦው ካልተጎዳ እኔ አፌን እይዛለሁ። ግን ምክንያቱን እፈልጋለሁ። ዕቃ ከሆነ ዕቃ ይስተካከላል፣ ሥራውም ይቀጥላል። እጁ ከሆነ ግን…» ፊሽካውን በጣቱ አገላበጠው። «ልጆቹ እኮ ፊታቸው አጠገብ ነው የሚይዙት።»

«እጁ አይደለም።»

«አይሁን ነው የምለው። ሳጥኑን ትቼልሻለሁ። አምሳ ነበሩ፣ ስድስቱ ተተኩሰዋል። ከሥራ ስወጣ ብቅ እላለሁ።»

ስትመለስ አባቷ አንድ የነሐስ ዘንግ መርጦ ይዞ ጠበቃት።

«ከኋላ ግፊው። ጥይት በገባበት አቅጣጫ ይውጣ።»

«ከኋላ ብገፋው ልባሱ ይኮማተራል አባባ። ግድግዳው ስስ ነው። ሲኮማተር ወደ ጎን ያብጣል፣ የባሰ ይነክሳል።»

«ልባሱን የሠራሁት እኔ፣ ስስ ነው የምትዪኝ አንቺ!»

«አንተ ስለሠራኸው አይደል የማውቀው?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል የተቀላቀለበት ሳቅ ተሰማ። ጠጋኙ ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

ልባሱ የሚሠራው ከቀጭን የመዳብ ቧንቧ ነው። ቧንቧው በልክ ይቆረጣል፣ አንዱ ጫፍ በማተሚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከዚያ እርሳሱ ይገባበታል። የታጠፈው ጫፍ ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል። ባሩዱ በልኩ ሲሆን ይህች ቀዳዳ ምንም አታመጣም፤ መዳቡና እርሳሱ አብረው ይወጣሉ። ባሩዱ ሲያንስ ግን መዳቡ የሽጉጡን ቱቦ ጠመዝማዛ ቦይ ነክሶ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ጋዙ በቀዳዳዋ ገብቶ እርሳሱን ብቻ ገፍቶ ያወጣዋል። ሥጋው ሄዶ ቆዳው ይቀራል። ወረቀቱን የበሳው እርሳሱ ነው። አሰልጣኙ ያየው ብርሃንም በቀዳዳዋ የሚያልፈው ነው። ባዶ ቱቦ መሰለው እንጂ የሚቀጥለው ጥይት ከመዳቡ ጋር ቢላተም ኖሮ ቱቦው ይተረተር ነበር።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ለአባቷ አልነገረችውም። ያውቀዋል። ያልተባለው «ባሩዱ ሲያንስ» የሚለው ብቻ ነው።

ዝገት የሚያላቅቀውን ዘይት ከሁለቱም ጫፍ አንጠባጥባ ሽጉጡን በአፈሙዙ አቁማ ተወችው። ዘይቱ እስኪሰርግ ቶርኖው ላይ አዲስ ዘንግ አወጣች። ጫፉን አቀጠነችው፤ ቀጭኑ ክፍል ባዶው ልባስ ውስጥ ገብቶ የታጠፈውን ታች ከውስጥ እንዲገፋ ነው። ከቀጭኑ በላይ ትከሻ ተወችለት፤ ትከሻው በልባሱ ከንፈር ላይ ያርፋል። ግፊቱ ለታቹም ለከንፈሩም ይካፈላል። ታቹ ብቻውን ከተገፋ ይበሳል፤ ያኔ መዳቡን በቁርጥራጭ መልቀም ሊመጣ ነው፣ ቦዩ ሳይጫር አይቀርም። በካሊፐር ለካች፣ ትንሽ ላጠች፣ እንደገና ለካች። ነሐስ ያደረገችውም ለዚሁ ነው፤ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ቢሳሳት እንኳ የሚጎዳው እሱ ነው።

ሽጉጡን በእንጨት መያዣ መሀል ሞርሳው ላይ አሰረችው። ዘንጉን ከአፈሙዙ አስገባች።

«አባባ፣ ባትሪውን ያዝልኝ።»

ያዘላት። ብርሃኑ ከከበሮው በኩል ገብቶ ቱቦው ላይ አረፈ፣ ወዲያው ወደ ሞርሳው ሸሸ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሸሸ።

«ልያዘው በሁለት እጄ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

በእንጨት መዶሻ መታ አደረገችው። ዘንጉ ነጠረ። ደግማ መታች፤ ነጠረ። ሦስተኛውን ጠንከር አድርጋ መታችው፣ ያን ጊዜም ነጠረ። አወጣችውና ጫፉን አየች፤ ትከሻው ላይ ክብ የመዳብ ጥላ ታትሞበታል። በደንብ አርፏል ማለት ነው።

«ከኋላ ብዬ ነበር» አለ አባቷ።

«ጥቂት ዘይት አቀብለኝ።»

«ቢወጣስ ምን ልትይው ነው? ፊሽካን።»

«መጀመሪያ ይውጣ።»

«አሮጌ ቱቦ ነው በዪው።»

ዘይት ጨምራ ጠበቀች፤ ስትጠብቅም መዶሻውን አላስቀመጠችም። ከመጋረጃው ጀርባ የእናቷ ትንፋሽ ይሰማል፤ ሲገባ አጭር ነው፣ ሲወጣ ይንጠራራል። ከዚያ መታች። ድምፁ ተለወጠ፤ መንጠሩ ቀርቶ ደፈን ያለ ሆነ። ዘንጉ ላይ ያደረገችውን ምልክት አየች። አንድ ሚሊ ሜትር ገብቷል።

«መጣ» አለች።

«ቀስ!»

ቀስ አለች። አንድ በአንድ፣ በእኩል ኃይል። አባቷ ባትሪውን ጥሎ ሁለት መዳፉን ከቱቦው ኋላ ደቅኖ ቆመ። ልባሱ መዳፉ ላይ ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም፤ ክብደቱ ከደረቀ ቅጠል እምብዛም አይበልጥም። ሙሉ ነው። ዙሪያውን የቱቦው ቦይ እኩል አርሶታል። የታችኛዋ ቀዳዳ ሰፍታ ጠርዟ ወደ ውስጥ ተገልብጧል።

ቱቦውን አጽድታ አየች። ከዚያ ለስላሳ የእርሳስ ድብልብል ዘይት ቀብታ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በእጇ ገፋችው። አንድ ቦታ ላይ ቢላላ ቱቦው እዚያ ጋ አብጧል ማለት ነው። የትም አልላላም። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ጥብቅ ነበር። ልባሱ ላይ የታተመውን የቦዩን ምልክትም በማጉያ መነጽር ፈተሸችው። ቱቦው አልተበላም፤ ቦዩ እንደ አዲስ ስለታም ነው።

ለአባቷ መነጽሩን አቀበለችው። ዐይኑ ላይ አደረገና ቆየ። የሚያየው ነገር እንዳልታየው ገባት፤ ማጉያውን የያዘው በተገላቢጦሽ ነበር። መልሶ አስቀመጠው።

«ደህና ቱቦ ነው» አለ።

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ሚዛኑን እይው። እይውና ንገሪኝ።»

የባሩዱ ሚዛን መሙያው ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚህ ሱቅ የሚመዘነው ለሁለት ነበር። ባልየው ባሩዱን ያፈሳል፣ ሚስትየው ከማዶ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የጠቋሚውን ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሷ ሳታነብ ባሩድ ቀልሃ ውስጥ አይገባም። እሷ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ማንበቡንም ማፍሰሱንም እሱ ብቻውን ይዞታል። ልጁን ነይ አንብቢልኝ አላላትም። እሷም ላንብብልህ አላለችውም። ያንን ወንበር ሌላ ሰው ከያዘው እናትየው አትነሳም ማለት ይሆናል፤ ሁለቱም ይህን ከአፋቸው ሳያወጡ ተስማምተውበት ነበር። ደንበኛ ሊቀመጥ ሲል እንኳ «እዚያ አይሁን» ይባላል።

ልጅቷ ወንበሩ ጋ ሄዳ ቆመች።

«እዚያ ልትቀመጪ ነው?» አለ አባቷ።

«ትቀመጥ እንጂ አንተ ሰውዬ» አለች እናትየው። «ወንበሩን ለሙዚየም ነው የምታቆይልኝ? እኔ ከዚህ ተነስቼ አልመጣም። አንተም ታውቃለህ፣ እሷም ታውቃለች፤ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የማላውቅ መስዬ የምተኛው?»

ልጅቷ ተቀመጠች።

ሳህኑ ባዶ ነው። ጠቋሚው ዜሮ ላይ መሆን ነበረበት። አልነበረም። ከዜሮ በላይ ሃያ ሚሊ ግራም ላይ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል። እጇን በሳህኑና በማራገቢያው መካከል ጋረደች፤ ጠቋሚው ወረደ። አነሳች፤ ወጣ።

«አባባ።»

«ምን?»

«ንፋሱ ነው። ሳህኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ሚዛኑ ሳይሞላ ሞላሁ ይላል።»

ጠጋኙ ተነስቶ መጣ። እሷ ያደረገችውን እሱም አደረገ፤ እጁን ጋረደ፣ አነሳ፣ ጋረደ። ሳይታሰብ ሳቀ፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ከአባቷ ከሰማች ሰንብታለች።

«ማራገቢያው ነው! እኔ አይደለሁም፣ ማራገቢያው ነው!»

«እንግዲያው ጥፋተኛዋ እኔ ነኛ» አለች ሚስቱ። «ስተነፍስ ተያዝኩ።»

«ዝም በይ አንቺ። ሚዛኑን ወደዚያ ጥግ አዞረዋለሁ፣ አለቀ።»

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ማሰብ የጀመረችውን እስከ መጨረሻው አሰበችው። ማራገቢያው አንገቱ ስለማይዞር ሁልጊዜ በአንድ ኃይል ነው የሚጫነው። ጥፋቱ የሱ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ጥይቶች ሁሉ በአንድ ልክ፣ በሃያ ሚሊ ግራም ገደማ መጉደል አለባቸው። ማራገቢያ ማጉደል ይችላል እንጂ መጨመር አይችልም። ደግሞም ሃያ ሚሊ ግራም ልባስ ቱቦ ውስጥ ለማስቀረት ትበቃ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም።

«የቀሩትን እንመዝናቸው» አለች።

«ለምን? አገኘነው አይደል?»

«ለፊሽካ በቁጥር እንድነግረው።»

ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «እውነትሽን ነው። ቁጥር አፍ ያስይዛል። አንቺዬ፣ ማራገቢያውን ለጥቂት ጊዜ እንዝጋብሽ?»

«ዝጉት። ትንፋሼን ቆጥቤ እቆያችኋለሁ።»

ማራገቢያው ሲዘጋ ክፍሉ ውስጥ የቀረው የእሷ ሳል ነበር። ጠቋሚው ዜሮ ላይ ተኛ።

ልጅቷ ጥይቶቹን በመፍቻ እየነቀለች ለአባቷ ታቀብላለች። እሱ ባሩዱን ሳህኑ ላይ ይገለብጣል። እሷ ታነባለች።

«ከልኩ በታች ሃያ አንድ።»

«አላልኩሽም?»

«በታች አሥራ ዘጠኝ።»

«ቀጥይ።»

«በታች ሃያ። በታች ሃያ ሁለት።»

ጠጋኙ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። እጁ እንኳ የተረጋጋ መሰለ። ልጅቷ በልቧ ለአሰልጣኙ የምትለውን አዘጋጀች፤ ዕቃ ነው፣ ተገኝቷል፣ ተስተካክሏል። ሦስት ቃል ነው። አንድ ረድፍ እንዲሁ አለቀ።

ከሁለተኛው ረድፍ አንዱ ሲገለበጥ ሳህኑ ላይ ያረፈው ባሩድ ለዐይንም አነሰ።

«በታች ዘጠና አራት» አለች።

«ፈስሶ ነው። ስትነቅዪው ፈስሷል።»

ጠረጴዛውን አየች። ንጹሕ ነበር። «ይሆናል» አለችና የሚቀጥለውን ነቀለች። «በታች ሃያ።» ተነፈሰች። ሌላ ነቀለች፣ አቀበለችው፣ ገለበጠው። ጠቋሚው ተነሳ፣ የልኩ መስመር ላይ ደረሰ፣ አልቆመም። አልፎት ሄደ።

አላነበበችም።

አባቷ ከማዶ ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚያየው የሚዛኑን ጀርባ ነው። «ስንት አለ?» አለ።

በመጋረጃው ስንጥቅ የእናቷ ፊት ወደሷ ዞሯል። በታች ሃያ ብትል የሚያርማት የለም። አባቷ እስከ ነገ፣ እስከ ከነገ ወዲያ፣ አልጋው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ አይነሳም። ሚዛኑ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ሳጥኖቹ ይሞላሉ፤ አንድ ቀን ደግሞ አንዲት ሰልጣኝ ሽጉጡን ፊቷ አጠገብ ትይዛለች።

«ስንት አለ ልጄ?»

«የሚለውን አንብቢለት» አለች እናትየው። ቀልዱ ከድምፅዋ ወጥቷል። «እኔ አንድም ቀን ያላለውን አንብቤለት አላውቅም።»

«በላይ ሠላሳ ሦስት» አለች ልጅቷ።

ጠጋኙ ሳህኑን አላነሳውም። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸውና አያቸው፤ ለጥገና የመጡ የሰው ዕቃዎች ይመስል በተራ፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን። ጥፍሮቹ ሥር የገባውን ባሩድ በጨርቅ ጠረገ። ጠረጋው ከሚገባው በላይ ቆየ።

«ማራገቢያው አይጨምርም» አለ።

«አይጨምርም አባባ።»

«ከየትኛው እንደሆነም አላስታውስም። ሁለቴ አፍስሼበት ይሆናል። ያኔ ስታስል ተነስቼ ውሃ…» ተወው። «ቀጥይ። ጨርሺው።»

«ይበቃል እኮ።»

«ሳይጨረስ አይበቃም።»

ጨረሱት። እሱ ይገለብጣል፣ እሷ ታነባለች። ሲያበቁ ተነስቶ ማራገቢያውን ለሚስቱ ከፈተላት፤ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦም እግሯን በብርድ ልብሱ ሸፈነ። እሷ እጁን ያዘችው። እንዳይንቀጠቀጥ ይሁን ወይም ስለመያዝ ብቻ፣ ከጠረጴዛው ጋ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

አሰልጣኙ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ልጅቷ ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ቱቦው ጤነኛ መሆኑን ነገረችው።

«ምክንያቱስ?» አለ። «ዕቃ ነው?»

«ማራገቢያው ትንሽ አሳስቶታል። ግን ዕቃ ብቻ አይደለም።»

አሰልጣኙ ወደ ውስጥ፣ ወደ መጋረጃው አየ። አባቷን ሊጠራ ፈልጎ ተወው። «ንገሪኝ እስቲ» አለ ቀስ ብሎ።

ነገረችው። ከአርባ አራቱ ጥይቶች ሠላሳው ከልካቸው በሃያ ሚሊ ግራም ገደማ ጎድለዋል፤ አሥራ አንዱ ከዚያም በታች ወርደዋል፤ ሦስቱ ከልክ በላይ ናቸው። ከሦስቱ የከበደው ትርፍ አርባ አንድ ሚሊ ግራም ነው።